ሻንጣሽን ከመዝጋትሽ በፊት

ሚጣዬ፣

የዛን ቀን "የሰላም ጓድ፣ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ድርጅት፣ ተቀበለኝ፣ ማላዊ ነው የምሄደው" ስትይኝ ዝም ብዬ ቁልፌን አንስቼ ወጣሁ። የተቆጣሁ መስሎሽ አለቀስሽ አሉኝ። መኪናው ውስጥ ነበርኩ፣ እዚያው ደጃችን ላይ፣ ሳላስነሳው። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ጥሩ አልነበረም። 20 ዓመት ሌሊት ሌሊት ታክሲ የነዳሁት ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ተመልሳ በኩራዝ እንድታነብ ነው እንዴ አልኩ። ቆይቶ ግን ሚስ ትዝ አለችኝ።

ስለ ሚስ ነግሬሽ አላውቅም። 1965 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ፣ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እንግሊዝኛ የምታስተምረን እሷ ነበረች። የሰላም ጓድን ሰዎች ያኔ ፒስ ኮር ነበር የምንላቸው። ኬኔዲ ድርጅቱን ባቋቋመ በማግስቱ ዓመት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1962፣ ከ270 በላይ የሚሆኑት አገራችን ገቡ፤ አብዛኞቹ አስተማሪዎች ነበሩ። በኋላ ደርግ መጣ፣ እነሱም ወጡ።

ካስተማረችኝ ሰዋስው ይሄ ነው ብዬ የማነሳው የለም። የማልረሳው አያቴ የሞተ ጊዜ ለቅሶ ስትመጣ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር የመጣችው። ወንበር ሲያቀርቡላት እምቢ ብላ ከሴቶቹ ጋር መሬት ተቀመጠች። ከቤቷ ከመውጣቷ በፊት ጎረቤት ሄዳ "እዚህ አገር ለቅሶ እንዴት ነው የሚደረሰው?" ብላ ጠይቃለች ማለት ነው። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያቺን ቀን ታነሳ ነበር። እንደ እሷ ከአሜሪካ የመጣ ሌላ መምህርም ነበረን፣ ጎበዝ የሒሳብ አስተማሪ። ሁለት ዓመት በሩን ዘግቶ ኖረ። አሁን ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ስንገናኝ ስሙን የሚያስታውስ አንድ ሰው የለም።

አንቺ ባዮሎጂ ልታስተምሪ ነው የምትሄጂው፤ እሱን ትችዪዋለሽ፣ አልሰጋም። እኔ የምለምንሽ መጀመሪያ እንግዳ መሆን እወቂበት ነው። የሥልጠናውን ሦስት ወር ሰው ቤት ነው የምኖረው ብለሽኛል። እዚያ ከምትቆዪው 27 ወር ለእኔ ትልቁ እሱ ነው። የቤቱን እናት ተከተያት። ውሃ ስትቀዳ አብረሻት ሂጂ፣ ንሲማ ስታማስል አጠገቧ ቁሚ፣ ስትሳሳቺ ይሳቁብሽ፣ አንቺም ሳቂ። ንሲማ መሃሉ ላይ ቅቤና በርበሬ የሌለው የበቆሎ ገንፎ በይው፤ በቀኝ እጅ እየጠቀለሉ በማባያ ነው የሚበሉት። ከምግብ በፊት ያስታጥባሉ፣ ያን እንኳ በበዓል ቀን እኛ ቤት አንቺ ነሽ የምታደርጊው። ደግሞ ከጥር እስከ መጋቢት ያለፈው እህል አልቆ አዲሱ ያልደረሰበት ወቅት ነው። ያን ጊዜ ሰው ቤት ተጋብዘሽ ሰሃን ሲቀርብልሽ ከማን አፍ ላይ እንደተቀነሰ አስቢ።

ልጆቹን ሳታስፈቅጂ ፎቶ አታንሺ። እኔን በልጅነቴ በባዶ እግሬ ከብት ስነዳ አንድ ፈረንጅ ከመኪናው ሳይወርድ አንስቶኝ ሄዷል። ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም። ይኸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ። ጥርስሽን አሁኑኑ ጨርሺ፣ ሐኪሙ ሳይፈርም አያስኬዱሽም። ደሞዝ የለሽም፣ እዚያ እያለሽ የምታገኚው የሚያኖርሽን ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ የትምህርት ብድርሽን ጉዳይ ሳትሄጂ ደውለሽ አስተካክዪ። ለእናትሽ ውክልና ስጪያት። የማላዊ ሐይቅ ቢያምርም ቢልሃርዝያ አለበት፣ ሐኪሞቻቸው የሚሉሽን ስሚ። የወባ ኪኒኑን አንድ ቀን እንኳ አትዝለይ። ወባን አውቀዋለሁ። መተማን አልፌ ገዳሪፍ የገባሁ ሰሞን አንዘፍዝፎ ጥሎኝ፣ ስሟን የማላውቃት አንዲት ሱዳናዊት እናት ጨርቅ በውሃ እየነከረች ሳምንት ሙሉ አስታማኛለች።

ይሄን ካነሳሁ አይቀር፣ ማላዊ የእኛም ልጆች መንገድ ነው። ከሐዲያና ከከምባታ ተነስተው፣ ኬንያንና ታንዛንያን አቋርጠው፣ ደቡብ አፍሪካ እንገባለን ብለው በጭነት መኪና ተደብቀው በዚያ ያልፋሉ። ስንቱ እዚያው ታስሯል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ምዚምባ በሚባል ወረዳ፣ ጫካ ውስጥ፣ መጀመሪያ የ25 ሰዎች አስከሬን ከጅምላ መቃብር ወጣ፤ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ተባለ። ዜናውን ሰምቼ ያን ሌሊት ሥራ አልወጣሁም። የምነግርሽ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። እነሱ በጨለማ የሚያልፉበትን አገር አንቺ ሰማያዊውን የአሜሪካ ፓስፖርት ይዘሽ፣ ተጠርተሽ ነው የምትገቢበት፤ ይህን እያወቅሽ ግቢ። ከእነሱ አንዱን ካገኘሽ በአማርኛ ሰላም በይው። በሰው አገር ቋንቋህን መስማት ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ነይ። እናትሽ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታለች። ሻንጣው ሁለት ነው፣ አንዱ ከ50 ፓውንድ አይበልጥም ብላት አልሰማችኝም። እምቢ አትበያት፣ የምታሳድርሽ እናት ቤት ባዶ እጅሽን አትገቢም።

የአገሩን ቋንቋ፣ ቺቼዋንም፣ ጀምሬያለሁ። ሰላምታው "ሙሊ ብዋንጂ" ነው አይደል? ከዚያ የደወልሽ ቀን መጀመሪያ የምልሽ እሱን ነው፣ መልሱን አጥንተሽ ጠብቂኝ።

አባትሽ
ሲልቨር ስፕሪንግ