«ዋናው ሰላም ነው» ያልኩሽ ጊዜ

ይድረስ ለአንቺ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ለአንቺ ካለኝ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዶርም እያለን የእናትሽ ደብዳቤ በዚህ ሲጀምር ስንት ስቀናል። ዛሬ ሌላ መግቢያ አጥቼ እሱኑ ጻፍኩት።

መጨረሻ የተጻጻፍነው በ2015 ገና ሰሞን ነው፣ ወደ መቐለ በረራ ተጀምሮ ስልክም የተመለሰ ጊዜ። «እኛ አለን፣ አባዬ ግን የለም» ብለሽ ጻፍሽልኝ። የስኳር መድኃኒቱ እንዴት እንዳለቀ፣ ከፋርማሲ ፋርማሲ እንደዞርሽ፣ የት እንደተቀበረ። እኔስ ምን መለስኩ? «ነፍስ ይማር የኔ ቆንጆ፣ ያለፈው አለፈ፣ ዋናው ሰላም መሆኑ ነው።» አነበብሽው። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል የለም። ተቀይማ ነው፣ ሲበርድላት ትመለሳለች ብዬ ተውኩት። አሁን ሳስበው ያ መልስ አፍ ማስያዣ ነበር።

ነገሩ የቀሰቀሰኝ ያለፈው እሁድ ቅዳሴ ላይ ነው። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ፣ ሲል ሁሉም ወደ ቀኝ ወደ ግራ እጅ ይነሳል። ልማድ ሆኖብን አጠገባችን ማን እንደቆመ እንኳን አናይም። ወደ ቀኝ ስዞር የጎረቤታችን እማማ ናቸው። እጅ ነሱኝ። እኔ አንገቴን ሰበር አደረግኩና ዓይኔን አሸሸሁ።

ልጃቸውን ታውቂዋለሽ፣ ስልክሽ የተሰበረ ጊዜ የጠገነልሽ። በ2014 ጥቅምት 23 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፤ ብዙም ሳይቆይ ሌሊት መጥተው ወሰዱት። ጥፋቱ የትግራይ ልጅ መሆኑ ነው። እኔ መብራት አጥፍቼ በመጋረጃው ጥግ አየሁ። አንድ እግር ነጠላ ጫማው ደጃፉ ላይ ወልቆ ቀረ፣ እስኪነጋ እዚያው ነበር። ጠዋት ሰፈሩ ሲንሾካሾክ «እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር» አልኩ። ልጁ የካቲት ላይ ተፈታ። ያቺ «እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር» ግን እኔ ጋ ቀረች። በዓመቱ፣ ቀኑ እንኳን ሳይዛነፍ በጥቅምት 23፣ መንግሥትና የትግራይ ኃይሎች ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ሲፈራረሙ ተመስገን ብዬ ሻማ አበራሁ።

ያቺን ፎቶም ልንገርሽ። በጦርነቱ ጊዜ «እግዚአብሔር ይፍረድ» ብዬ ሼር ያደረግኩት ፎቶ የሌላ አገር፣ የሌላ ዘመን መሆኑን አንዲት ልጅ ኮሜንት ላይ አሳየችኝ። ፖስቱን ሹልክ አድርጌ አጠፋሁት። «ሐሰት ነበር፣ ይቅርታ» ብዬ ግን አልጻፍኩም። አንቺ ያኔ ኔትወርክ አልነበረሽም፣ አላየሽውም ይሆናል። ለዚህም ነው የምነግርሽ።

አባቴ ዳዊት ሲደግም የምወዳት አንዲት ቦታ አለች፤ «ሣህል ወርትዕ ተራከባ፣ ጽድቅ ወሰላም ተሰዓማ።» ምሕረትና እውነት መጀመሪያ ይገናኛሉ፣ የጽድቅና የሰላም መሳሳሙ ከዚያ ይመጣል። እኔ መገናኘቱን ዘልዬ ወደ መሳሳሙ ነው የሮጥኩት። የሰፈር ሽማግሌ እንኳን «ይቅር ለእግዚአብሔር» ከማሰኘቱ በፊት ሁለቱንም ወገን ቁጭ አድርጎ ይሰማል፣ በዳዩም ድንጋይ ይሸከማል።

ሐምሌ 2010 ትዝ ይልሻል? ተሰደው የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከአሜሪካ ሲመለሱ፣ ሁለት ሲኖዶስ ሆኖ የኖረው አንድ ሲሆን፣ እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ፊት አልቅሰን ነበር። አሁንም ደስ ይለኛል፤ በቅዳሴ የሁለቱን ፓትርያርኮች ስም መስማት ቀላል ነገር አልነበረም። ግን ማን ማንን ምን እንደበደለ አደባባይ ላይ ሲነገር ሰማሽ? እኔ አልሰማሁም። ተቃቀፉ፣ በቃን። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2013 ከፋሲካ በኋላ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ማትያስ ስለ ትግራይ በቪዲዮ ሲናገሩና ከዚያ በፊትም ልናገር ብዬ ታግጃለሁ ሲሉ፣ ከሲኖዶሱ የመጣው መልስ «የግላቸው ነው» የሚል ነበር። እኔም ቡና ላይ «እሳቸውስ የዚያው ሰው አይደሉ?» አልኩ፣ አፌን ሞልቼ። ሐምሌ 2015 የሲኖዶሱ አባቶች ይቅርታ ይዘው መቐለ ሲሄዱ የእናንተ አባቶች አልተቀበሏቸውም ተብሎ እዚህ ብዙ ሰው ተቆጣ። እኔም ተቆጥቼ ነበር። ዛሬ ያን ቀን ሳስብ የአንቺ ዝምታ ነው የሚታየኝ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ጎጃም ኢንተርኔት ተቋርጦ የእህቴ ልጆች ፎቶ መምጣቱን ሲያቆም፣ ኔትወርክ ማጣት ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አፍሬ አልነገርኩሽም።

አንድ ነገር ግን ልውጠው አልፈልግም። በ2014 የትግራይ ተዋጊዎች ደሴ ሲገቡ አክስቴ ቤቷን ዘግታ በእግሯ ወጣች። ስትመለስ ግድግዳውና ጣሪያው ነው የጠበቃት። አንቺ ስለ ወሎ አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም። ያኔ ስልክ አልነበረሽም፣ እሺ። በኋላስ? ይሄን የማነሳው ከአባትሽ ጋር ለማቻቻል አይደለም፣ አይቻቻልም። እውነቱን እናውራ ብዬ የራሴን ደብቄ ብመጣ ግን ያው ሌላ ውሸት ነው።

ማክሰኞ ግማሽ ኪሎ ቡና ይዤ እማማ ጋ ሄድኩ። ረከቦቱን ሲያቀርቡ «የዚያን ሌሊት እኮ ነቅቼ ነበር» አልኳቸው። ስኒ መደርደራቸውን አላቆሙም። ቀና ሳይሉ «አውቃለሁ ልጄ። መጋረጃሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ» አሉ። አቦሉን ቀዱልኝ። ይቅርታ ስጠይቃቸው «ለእሱ ንገሪው» ብለው የልጃቸውን ስልክ ሰጡኝ። ገና አልደወልኩም። ይሄንን አስቀደምኩ።

ስለ አባትሽ እንደገና ንገሪኝ፣ ከመጀመሪያው። በቃል ከከበደሽ ጻፊልኝ፣ በፈለግሽው ቋንቋ፤ ትግርኛውን እያየሁ እታገለዋለሁ። ቅዳሜ ማታ እደውልልሻለሁ። ባታነሺ አልቀየምም፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም እደውላለሁ።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ያኔ ይቺን ብቻ ብዬ ዝም ብል ይሻል ነበር።

ያንቺዋ