ቀይ ልብስ ስለሚለብሰው ሼፍ

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው እሁድ ስንደዋወል «የፈረንጅ ምግብ ስትሠሪ የራስሽን ልትረሺው ነው?» አልሽኝ። ያን ጊዜ መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ግን ሳስበው አደርኩ። መልሴን በአንድ ሰው ታሪክ ልንገርሽ።

ሰውየው ሂሮዩኪ ሳካይ ይባላል። ጃፓናዊ ነው፤ ሙያው ግን የፈረንሳይ ምግብ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1942 ደቡብ ጃፓን፣ ካጎሺማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ በጦርነቱ ሞቱ። ያሳደጉት እናቱ ናቸው። ይህን ሳነብ አንቺ ፊቴ ላይ ድቅን አልሽብኝ።

በ17 ዓመቱ ኦሳካ ሄዶ የሆቴል ኩሽና ገባ። ቀጥሎ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ ሠራ። ወደ አገሩ ተመልሶ ቶኪዮ ውስጥ ፉጂዮ ሺዶ ከሚባሉ ትልቅ ሼፍ ሥር ተማረ። ላ ሮሼል የሚባለውን የራሱን ሬስቶራንት የከፈተው በ1980 ነው። ኩሽና ከገባ ያኔ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ እማዬ። እኔ ገና አራተኛ ዓመቴ ነው። «የራስሽን መቼ ነው የምትከፍቺው?» ስትይኝ እሱን አስቢልኝ።

ታዋቂ ያደረገው ቴሌቪዥን ነው። ፉጂ ቴሌቪዥን ከ1993 እስከ 1999 ያስተላለፈው የምግብ ውድድር ነበር፤ አሜሪካኖቹ «አይረን ሼፍ» ይሉታል። ሳካይ በ1994 ገባበት። የሚሠሩበት ዋና ግብዓት እዚያው ይገለጣል። ዓሣ ሊሆን ይችላል፣ ጎመን ሊሆን ይችላል። ከዚያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ዓይነት ምግብ ሠርቶ ለዳኞች ማቅረብ ነው። ሳካይ ቀይ ልብስ ለብሶ 86 ጊዜ ተወዳደረ፤ 70 ጊዜ አሸነፈ። እኔ ቅጂውን ሳይ እጁን ነው የማየው። ሰዓቱ እየሮጠ እጁ አይቸኩልም።

ጃፓኖች ካይሴኪ የሚሉት የግብዣ ሥርዓት አላቸው። ምግቡ በትንሽ በትንሹ፣ በየተራ፣ ወቅቱን ተከትሎ ይቀርባል። የሳህኑ መልክ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሳካይ የፈረንሳዮቹን አሠራር ጠንቅቆ ተማረና በዚህ በአገሩ ሥርዓት አቀረበው። አንዱን ለመያዝ ሌላውን አልጣለም። ፈረንሳዮቹም አልተቀየሙትም፤ በ2005 መንግሥታቸው ኒሻን ሸለመው።

የእኔም ነገር እንደዚያ ነው። ፈረንሳዮቹ የሽንኩርት ሾርባ አላቸው። ሽንኩርቱ በለስላሳ እሳት፣ እየተማሰለ፣ ቀስ ብሎ ካልበሰለ ሾርባው አይጥምም። አዲስ የሚገቡ ልጆች እሳቱን ከፍ አድርገው ያሳርሩታል። እኔን ግን ማንም «ቀስ በይ» ብሎኝ አያውቅም። ከምድጃሽ ሥር ቁጭ ብዬ ለወጥ ሽንኩርት ስታቁላዪ ያየሁት ነው። አሁን ያን ሾርባ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ሼፋችን ለሌላ ሰው አይሰጥም። ታዲያ የራሴን እንዴት እረሳዋለሁ?

የሳካይን አንድ ትልቅ ግጥሚያ ሳልነግርሽ። በ1999 ነው። ተጋጣሚው አላን ፓሳር፣ ፓሪስ ላይ ሦስት የሚሽላን ኮከብ (ለምግብ ቤት የሚሰጥ ከፍተኛ ደረጃ) ያለው ፈረንሳዊ ሼፍ። ግብዓቱ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? ዶሮ! ጃፓናዊው በፈረንሳይ ምግብ ፈረንሳዩን አሸነፈው። ያን ስመለከት ብቻዬን እያጨበጨብኩ አለቀስኩ።

ለፋሲካ ቲኬት ቆርጫለሁ። ዶሮዋን ለሌላ ሰው እንዳትሰጪብኝ። አሥራ ሁለቱንም ብልት የማወጣው እኔ ነኝ። አንቺ በርጩማሽን ስበሽ አጠገቤ ትቀመጫለሽ፤ የተሳሳትኩ እንደሆነም ትነግሪኛለሽ።

ልጅሽ