የሶምሶማ ክበብ፦ ከጭቃ ጋር ያሳለፍነው ዓመት

ክበቡ ሲቋቋም የወላጆች ሐሳብ ግልጽ ነበር። የሯጮች አገር ልጆች ናቸው፤ ይሩጡ። አንድ አባት ገና በመጀመሪያው ስብሰባ "ሰዓት የሚይዝላቸው ማነው?" ብለው ጠየቁኝ። ማንም አልኳቸው። ዓመቱን ሙሉም ማንም አልያዘም። ስለዚህ እዚህ ዘገባ ውስጥ ደቂቃና ሴኮንድ የምትፈልጉ ካላችሁ ገጹን ግለጡት፤ የእግር ኳስ ክበቡ ቀጥሎ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከአማርኛ ክፍሌ ነው። ለንደን የተወለዱት ልጆቻችን አማርኛቸው የቤት አማርኛ ነው። ብላ፣ ተነሽ፣ ጫማህን አውልቅ፣ ዝም በሉ። ቅዳሜ እኛ ጋ ሲመጡ ፊደሉን ጥሩ አድርገው ያነባሉ። "ጅረት" የምትል ቃል ጋ ሲደርሱ ግን ቀና ብለው ያዩኛል። "ማሳ" ላይም እንደዚያው። "ቁጥቋጦ"፣ "አቀበት"፣ "ማጥ"። በሥዕል አስረዳሁ። በሥዕል የተማሩትን በሳምንቱ ረስተውት ይመጣሉ።

እንግሊዝ አገር ደግሞ ጅረትም ማሳም ሞልቷል። ችግሩ ልጆቹ ከለንደን ወጥተው አያውቁም። በወር ሁለት ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ በባቡር ወጥተን ሶምሶማ እንሮጣለን ተባባልን። ሕጉ አንድ ነው። ከባቡር ከወረድንበት ደቂቃ ጀምሮ አማርኛ ብቻ። እንግሊዝኛ ያመለጠው የብርቱካኑን ቦርሳ ይሸከማል። በመጀመሪያው ቀን ቦርሳው መጀመሪያ የደረሰው እኔ ትከሻ ላይ ነው። መንገድ ልንሻገር ስንል "ስቶፕ!" ብዬ ጮህኩ።

በመስከረም ስንጀምር 11 ልጆች ነበርን። የመጀመሪያው መንገዳችን የቼስ ሸለቆ ሆነ፤ ምክንያቱ ቀላል ነው፣ የምድር ባቡሩ እዚያ ድረስ ይሄዳል። በሜትሮፖሊታን መስመር ቻልፎንት ኤንድ ላቲመር ወርዶ፣ በጫካው መሃል ቁልቁል ሮጦ ወንዙ ላይ መድረስ ነው። የቼስ ወንዝ ውሃው ከጠመኔ ዐለት ሥር የሚፈልቅ ነው፤ ለዚህ ነው ጠጠሩ አንድ በአንድ የሚቆጠረው። "ቲቸር፣ እርስዎ የሚጽፉበት ጠመኔ?" አለችኝ አንዷ። አዎ፣ ያው ዐይነት። እጇን ውሃው ውስጥ ከታ አወጣችና ነጭ መሆኑን አለመሆኑን አየች።

ላቲመር ትንሽ መንደር ናት። ሜዳዋ ላይ አንድ የፈረስ መቃብር አለ። ታሪኩን አንብቤ ነበር የሄድኩት፤ አልቸኮልኩም፣ ሁሉም ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅኩ። ጄኔራል ደ ቪልብዋ ማሬይ የሚባል ፈረንሳዊ በደቡብ አፍሪካው ጦርነት ከቦሮች (ከደች ዝርያ ሰፋሪዎቹ) ጋር ወግኖ እንግሊዞችን ሲዋጋ እ.ኤ.አ. በ1900 ቦስሆፍ ላይ ተገደለ። ፈረሱ ቆሰለ። ከእንግሊዝ አዛዦች አንዱ የነበረው ሎርድ ቼሻም ፈረሱን ወደዚህ አመጣው። ፈረሱ በ1911 ሲሞት ልቡና የክብር ዕቃው እዚህ ሜዳ ላይ ተቀበረ። ስሙንም ያገኘው ከጌታው ነው፣ ቪልብዋ።

እኔ ደግሞ ስለ አባ ታጠቅና ስለ አባ ዳኘው ነገርኳቸው። ቴዎድሮስና ምኒልክ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደነበር አያውቁም ነበር። አንዱ ልጅ ትንሽ አሰብ አድርጎ "እኛ ጋ ሰውየው የፈረሱን ስም ይወስዳል፤ እነሱ ጋ ፈረሱ የሰውየውን" አለ። እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል የለም፤ ወላጆቹ ይህን ሲያነቡ ደስ እንዲላቸው ነው የጻፍኩት።

ከዚያ ወንዙን ይዘን ወደ ምሥራቅ ጥቂት ስንሮጥ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ሌላ መቃብር አገኘን። ዊልያም ሊበርቲ የሚባል ጡብ ሠሪ ነው። በ1777 ሞቶ፣ በገዛ ፈቃዱ በገዛ መሬቱ ላይ ተቀበረ። ሚስቱ አሊስ በ1809 አጠገቡ ተቀበረች። ልጆቹ ሒሳቡን በአማርኛ መሥራት ነበረባቸው፤ ሠላሳ ሁለት ላይ ለመድረስ ከዳገቱ የበለጠ ጊዜ ወሰደባቸው። "ሠላሳ ሁለት ዓመት ብቻውን ጠበቃት" አለች ትንሿ። በቼኒስ በኩል አድርገን ተመለስን። ከ8 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም።

በጥቅምት መጨረሻ ግን ጉድ ሆነን ነበር። መንገዱ በካርታ ላይ አለ፤ መሬት ላይ የለም። ገበሬው አርሶት ነበር። ከፊታችን የተገለበጠ ቡናማ አፈር ብቻ። ያ ስለ ሰዓት መያዝ የጠየቁኝ አባት አብረውን ነበሩ፣ ጫማቸው አዲስና ነጭ ነው። ልጆቹ እግራቸውን ሲያነሡ "ቁሙ! የሰው እርሻ አይረገጥም!" አሉ። ልክ ነበሩ። እኛ ትልልቆቹ ያደግነው በሰው ማሳ መግባት ነውር በሆነበት አገር ነው።

ካርታውን አወጣሁ። ብርቱካናማው የኦርድናንስ ሰርቬይ ካርታ ላይ የእግር መንገድ በአረንጓዴ ቁርጥራጭ መስመር ይሰመራል። ያ መስመር ካለ ማሳው የማንም ይሁን መተላለፊያው የሕዝብ ነው። ገበሬው መሃሉን ማረስ ይችላል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ በ14 ቀን ውስጥ መልሶ ደልድሎ፣ ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ መተው አለበት። በመንገድ ምልክቱ እንጨት ላይ ቢጫ ቀስት ካያችሁ የእግረኛ ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ፈረስና ብስክሌትም ይሄድበታል። አባትየው ካርታውን ተቀብለው ደጋግመው አዩት። "ሕግ ነው?" ሕግ ነው፣ ጋሼ። "እና ባለቤቱ ዝም ይላል?"

ሁሌ ዝም አይሉም ነበር። በተለይ ክፍቱ ተራራ የጥቂት ባላባቶች የአደን ቦታ ነበር። በ1932 በርካታ ወጣት ሠራተኞች ሰሜን ላይ ኪንደር ስካውት የሚባለውን ተራራ ሆን ብለው ያለ ፈቃድ ወጡት፤ ጥቂቶቹ ታሰሩ። በ1949 የገጠር መዳረሻ ሕጉ ወጣ፤ አሁን ካርታ ላይ የምናየው የመንገድ መዝገብ መሠረቱ እሱ ነው። ይህን ሁሉ ማሳው ዳር ቆመን ተናገርኩ፤ ልጆቹ በረዳቸው። ተሻገርን። ነጩ ጫማ ነጭ ሆኖ አልወጣም።

ከኅዳር እስከ ጥር ብዙ የምለው የለኝም። በዘጠኝ ሰዓት ከባቡር ስንወርድ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ሁለት ጊዜ ብቻ ወጣን። በየካቲት አንድ ቅዳሜ ባቡራችን ተሰረዘና ጣቢያው ውስጥ ቆሎ በልተን ተመለስን። እሱንም እንደ ልምምድ ቆጠርነው፤ "መሰረዝ" የሚለውን ግስ ከዚያን ቀን ወዲህ የረሳ የለም።

በግንቦት ወደ ኬንት ዞርን። ኤይንስፎርድ ወርደን፣ የዳረንትን ወንዝ ይዘን በሾርሃም በኩል ኦትፎርድ ድረስ፣ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ። ኤይንስፎርድ መሃል ወንዙ መንገዱን አቋርጦ ያልፋል። አጠገቡ የቆየ ጠባብ የድንጋይ ድልድይ አለ። ማን በድልድዩ ይሄዳል! ሁሉም በውሃው ገቡ። "መሻገሪያ" የሚለው ቃል ያን ጊዜ ገባቸው መሰለኝ፤ ጫማቸው ሲንጫጫ ኦትፎርድ ደረሰ።

ከመንደሩ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ከትልቁ የባቡር ድልድይ ወዲያ፣ ሉሊንግስቶን የሚባል የሮማውያን ቤት ፍርስራሽ አለ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለቤቶቹ አንዱን ክፍል የክርስቲያን ጸሎት ቤት አድርገውት ነበር። ግድግዳው ላይ እጃቸውን ዘርግተው የሚጸልዩ ሰዎች ተሥለው ነበር፤ ስብርባሪው ተገጣጥሞ አሁን ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ሥዕሉን ሳሳያቸው "ይሄ እንደኛ ቄስ ነው" አለ አንዱ፣ እጁን ዘርግቶ። ያ ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ የንጉሥ ኢዛና ጊዜ ነው። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። የቀረውን እርስ በርሳቸው ሲያወሩት ቆዩ።

ላሞቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሰፊ መስክ፣ መሃሉ ላይ ሃያ የሚሆኑ ላሞች፣ ከነጥጆቻቸው። የእኛ ልጆች በለንደን አውቶቡስ የሚፈሩት ሰው የለም፤ እዚህ ግን አጥሩ ላይ ተለጠፉ። አንዲት ላም ራሷን ቀና አድርጋ ወደ እኛ መራመድ ጀመረች። ሁለቱ ሊሮጡ ተነሡ።

"እንዳትሮጡ!" አሉ ያ አባት። ድምፃቸው የተለየ ነበር፣ ዝግ ያለ። "ጥጃ አላት። በእሷና በጥጃዋ መሃል አትግቡ። በኔ በኩል፣ ቀስ እያላችሁ፣ በዳር በዳር።" እጃቸውን ዘርግተው "ሃይ... ሃይ..." እያሉ ቀደሙ። ላሚቱ ቆመች። እኛም እንደ ሰልፍ ተከትለን አለፍን።

ወዲያ ማዶ ስንደርስ ልጃቸው "አባዬ፣ እንዴት አወቅክ?" አለች።

"እረኛ ነበርኩ እኮ።"

"በመዝሙረ ዳዊት ያለው እረኛ?"

"እሱን አይደለም" ብለው ሳቁ። "እኔ ወጌራ ነበርኩ።" ከዚያ እስከ ሾርሃም ድረስ አልሮጥንም። እሳቸው ስለ ጅራፍ፣ ስለ ገና ጨዋታ፣ ላም የጠፋችበት ሌሊት ሲያወሩ በእግር ተከተልናቸው። ልጅቷ አባቷ ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ ከዚያ በፊት ሰምታ እንደማታውቅ በኋላ ነገረችኝ። ሰዓቱን አላየሁም። እሳቸውም አላዩም።

የዓመቱ መዝጊያ ባዝ ነበር፣ በሰኔ። 19 ሆነን ሄድን፤ ለባቡሩ ትኬት ያዋጡ ወላጆች ይመስገኑ። መጀመሪያ ያየነው ፌርፊልድ ሃውስን ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ቤት ነው። በ1958 ለከተማው አረጋውያን እንዲያገለግል ሰጡት። ልጆቹ ቤተ መንግሥት ጠብቀው ነበር፤ ድንጋይ ቤት፣ የአትክልት ቦታ። አንዱ "እሳቸውም እዚህ በርዷቸው ነበር?" አለ። በርዷቸው መሆን አለበት።

ከዚያ በቦዩ ዳር ባለው መንገድ እስከ ብራድፎርድ ኦን ኤቨን ሮጥን። መንገዱ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ግን ዳገት የለውም። ድሮ ጀልባ የሚጎትቱ ፈረሶች ይሄዱበት የነበረ ነው። መሃል ላይ ዳንዳስ የሚባለው ድልድይ አለ፤ ቦዩ ራሱ፣ ከነውሃው ከነጀልባው፣ ከወንዙ በላይ ያልፋል። ውሃ በውሃ ላይ! ይህን ለመናገር ትክክለኛውን አማርኛ ለማግኘት ሁላችንም ቆመን ተከራከርን።

ብራድፎርድ ላይ የጠበቀን ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆየ ጎተራ ነው፣ ርዝመቱ 50 ሜትር ያልፋል። የሻፍትስበሪ ገዳም እህሉን ያስገባበት ነበር። እንግሊዞቹ "ታይዝ ባርን" ይሉታል። የአሥራት ጎተራ ማለት ነው አልኳቸው። ለአንድም ልጅ አሥራትን ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ከቤተ ክርስቲያን ያውቁታል። ግቡና ጣሪያውን እዩ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ወለሉ ላይ በጀርባችን ተኝተን ግንዱን ስናይ ብርቱካኑ አለቀ።

ለመጪው ዓመት ሁለት ነገር እንፈልጋለን። አንደኛ፣ ጭቃ የማይፈራ ጫማ፤ ልጆቻችሁ የጠበባቸውን አትጣሉ፣ ለክበቡ አምጡት። ሁለተኛ፣ ቃል። አጥር ለመሻገር የሚወጣባትን ያቺን የእንጨት ደረጃ እንግሊዞች "ስታይል" ይሏታል። እኛ እስካሁን ስም አልሰጠናትም። "መወጣጫ" ያለ አለ፣ "የአጥር መሰላል" ያለች አለች፣ የላሞቹ አባት ደግሞ "እኛ ጋ አጥሩን ገፋ አድርጎ መግባት ነበር" ብለዋል። ለሚወዛወዘው "ኪሲንግ ጌት" "የመሳሳሚያ በር" የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ የእናቶች ኮሚቴ አልተቀበለውም። የሐሳብ ሳጥኑ ቢሮው በር ላይ ነው።