የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ ዘገባ፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በፕላዝማ መሰንጠቅ

ክበቡ በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የያዘው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በፕላዝማ (በኤሌክትሪክ ኃይል ኤሌክትሮኖች ከአተሞቹ በተለዩበት ጋዝ) ሰንጥቆ ካርቦን ሞኖክሳይድና ኦክስጅን ለማግኘት ስንት ኃይል ያስፈልጋል? ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሃይድሮጅን ጋር ሆኖ የሜታኖልና የሰው ሠራሽ ነዳጅ ጥሬ ዕቃ ነው። አንድ ሞል (ሞል የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው) ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመሰንጠቅ ግን ቢያንስ 283 ኪሎጁል ይጠይቃል።

መጀመሪያ ጋዝ መቁጠርን መልመድ ነበረብን። 0.84 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በ20 ሚሊ ሊትር አቼቶ ሲሟሟ 0.01 ሞል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይወጣል። (ቤኪንግ ፓውደር አይሆንም፤ ስታርችና አሲድ ስላለበት ሂሳቡን ያዛባል።) አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ 77 ኪሎፓስካል ገደማ ስለሆነ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሞል ጋዝ የሚይዘው ቦታ፣ በመጽሐፍ የለመድነው 24 ሊትር ሳይሆን፣ 31.6 ሊትር ነው። ስለዚህ 316 ሚሊ ሊትር ጠበቅን። በሳፋ ውሃ ውስጥ በተደፋ ሲሊንደር ስንሰበስብ ግን 250 እንኳ አልሞላም። ጋዙ ውሃው ውስጥ እየሟሟ ነበር። ውሃው እስኪጠግብ ድረስ ጨው አሟምተንበት ስንደግመው ወደ 300 ተጠጋ። ከዚያ በግሉኮስ ቱቦ ወደ ኖራ ውሃ አስገባነው፤ መጀመሪያ እንደ ወተት ነጣ፣ ጋዙ ሲበዛበት መልሶ ጠራ። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ሙከራው የተበላሸ ይመስለዋል፤ የሆነው ግን ነጩ ካርቦኔት ወደሚሟሟ ባይካርቦኔት መለወጡ ነው።

ቀጥሎ የፕላዝማ ቱቦውን ሞዴል ሠራን፤ ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የመስታወት ቱቦ፣ መሐሉ ላይ የብረት ዘንግ፣ በውጭ የመዳብ ወንፊት፣ በዘንጉና በመስታወቱ መካከል 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት። መስታወቱ ብልጭታው አድጎ ወፍራም ቅስት እንዳይሆን ይገታዋል፤ ስለዚህ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ በሺዎች የሚቆጠሩ ፀጉር የሚያካክሉ ብልጭታዎች ሆኖ ይበተናል። ኤሌክትሮኖቹ እጅግ ሲግሉ ጋዙ ያን ያህል አይግልም፤ የፍሎረሰንት አምፖል ሲበራ እጅ የማያቃጥለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የወንፊቱ ጫፍ ከተፍረከረከ በሹሉ ሽቦ ላይ የኤሌክትሪክ መስኩ ይጠነክርና መስታወቱን ይበሳዋል፤ አባላቱ ጫፉን ወደ ውጭ አጥፈው አስተካክለውታል።

ኤሌክትሪክ አልሰጠነውም። ብዙ ሺህ ቮልት ይፈልጋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድም ቀለምና ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው።

የዓመቱ ዋና ትምህርት የተገኘው ከሂሳቡ ነው። በሚወጣው ጋዝ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 73 በመቶ ሆኖ ቢለካ፣ 27 በመቶ ተሰነጠቀ ማለት ይቀላል። ስህተት ነው። እያንዳንዱ የተሰነጠቀ ሞል አንድ ሞል ካርቦን ሞኖክሳይድና ግማሽ ሞል ኦክስጅን ስለሚሆን ጋዙ በመጠን ይጨምራል፤ ትክክለኛው መልስ 20 በመቶ ነው። ቱቦው 60 ዋት ወስዶ በደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር ጋዝ ቢያሳልፍ በአንድ ሊትር 36 ኪሎጁል ይበላል። 20 በመቶው ሲሰነጠቅ፣ አንድ ሞል ጋዝ 24 ሊትር ይይዛል ብለን ካሰላን የኃይል ብቃቱ (ከተበላው ኃይል ለመሰንጠቁ የዋለው ድርሻ) 6.6 በመቶ ይመጣል፤ በአዲስ አበባው 31.6 ሊትር ግን 5 በመቶ ብቻ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከማሽኑ ሳይሆን ከአየር ግፊቱ ነው። ሦስት ቡድኖች በዚህ ተሳስተዋል፤ ሦስቱም ስህተታቸውን ራሳቸው አግኝተው አርመዋል።

ቤተ ሙከራው ጋዝ ማስወጫ ካቢኔና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እስኪኖረው ድረስ ቱቦው ከቁም ሳጥኑ አይወጣም።