የጤና አስተማሪ ሆኖ የተማረ ሰው ወዴት ይመደብ? ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር የቢሮ ኃላፊ፣

በደቡብ ወሎ በአንድ ወረዳ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራን የምደግፍ ባለሙያ ነኝ። ጥያቄዬን አስቀድሜ ልናገር። በጤና ትምህርትና ጤና ማበልጸግ ሁለተኛ ዲግሪ ለያዘ ሰው በወረዳና በሆስፒታል ደረጃ ራሱን የቻለ የሥራ መደብ ይከፈት፤ የትምህርት ዕድሉ ሲመጣም ቀበሌ ላይ የቆዩት ይቅደሙ።

ቃሉ ወረዳ ቆላ ውስጥ አንድ ቤት ገብቼ አጎበሩ ተጣጥፎ ጎተራ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ለምን እንዳልተሰቀለ ስጠይቅ የቤቱ እመቤት ሳቅ አለችና፣ «የት ላይ ልስቀለው እቴ? ልጆቹ መደብ ላይ ናቸው፣ እኛ ቁርበት አንጥፈን መሬት ነን። ምድጃውም እዚሁ ነው፤ ሰንብቶ ጥላሸት ይሆናል» አለችኝ። ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ አሳምራ ታውቃለች። ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ግን አጎበሩን የሚያሳየው ባለ አራት እግር አልጋ ላይ ተዘርግቶ ነው። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤቱን አስተምራለች፣ ሪፖርቱም «የጤና ትምህርት የተሰጣቸው» በሚለው ረድፍ ተሞልቷል። ማን ይወቀስ? ሥዕሉ ከመታተሙ በፊት መደብ ላይ ለሚተኛ ሰው አሳይቶ «ይሄ ቤትህን ይመስላል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ያንን መጠየቅ ደግሞ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በነፃ፣ ራጁን በመኪና ጭኖ ሰፈር ድረስ ቢወስድም ብዙ ሰው አልመጣ አለ። የተቋሙ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ሕዝቡን «አላዋቂ» ብለው አልተዉትም፤ በሽታው ይይዘኛል ብሎ ያስባል ወይ፣ ምርመራው ይጠቅመኛል ይላል ወይ፣ ምን ያግደዋል ብለው መረመሩ። ዛሬ ተማሪዎች «የጤና እምነት ሞዴል» እያሉ የሚያጠኑት ከዚያ የመጣ ነው። ሁለተኛ ዲግሪው የሰውን ባህርይ ከማጥናት ጀምሮ፣ የማኅበረሰቡን ፍላጎት መለየትን፣ መልእክት አዘጋጅቶ መፈተሽንና ውጤት መለካትን ያስተምራል። ጅማና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ዘርፍ የቆዩ ናቸው፤ ትምህርቱን ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም።

አገራችን በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ስትጀምር በየቀበሌው ሁለት ባለሙያ መድባ፣ ፓኬጅ የተባሉ 16 የጤና ርዕሶች አስይዛ ቤት ለቤት የላከቻቸው በዋናነት እንዲያስተምሩ ነበር። ያን ያህል ነገር በማስተማር ላይ ተመሥርቶ ሳለ ማስተማሩ ራሱ እጁ ለተገኘ ሁሉ የሚሰጥ ትርፍ ሥራ ሆኖ ቀርቷል። ጠዋት ጤና ጣቢያ ቢመጡ ያዩታል። ተረኛዋ ነርስ ተጠባባቂው ፊት ቆማ ስለ እጅ መታጠብ ትናገራለች፤ ሕመምተኛው ካርዱ ሲጠራ እንዳያመልጠው ጆሮው በሩ ላይ ነው። አልፈርድባትም፤ ስትጨርስ የሚጠብቃት መርፌና ክትባት አለ።

አንዲት ባልደረባዬ ከደመወዟ እየቆረጠች በዚህ ዘርፍ ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች። ስትመለስ የጠበቃት የድሮው ወንበርና የድሮው ደመወዝ ነበር፤ ምክንያቱ «መደቡ የለም» የሚል ነው። እኔም ለመማር ስጠይቅ «ኤፒዲሚዮሎጂ ወይም ማኔጅመንት ተማሪ፣ እንጀራው እዚያ ነው» ተባልኩ። ኤፒዲሚዮሎጂን አልንቅም፤ ወረርሽኙ የት እንዳለ የሚነግረን እሱ ነው። ሰውየው ለምን ሽንት ቤት ቆፍሮ እንደማይጠቀምበት ግን አይነግረንም።

ወሎ ላይ ይህ ሙያ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያየ ሰው ዝም ማለት አይሆንለትም። እዚህ ቅሬ የሚባል እድር አለ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ ላይ ይቀብርበታል፣ የቀረ ይቀጣበታል። ኮሌራ ሲገባ አስከሬን ማን ይጠብ፣ ለቅሶ ቤት ምን ይበላ የሚለውን የሚቆርጠው ቅሬው ነው፤ የእኛ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እዚያ ብዙም አይሰማም። ከቅሬ ዳኛው፣ ከሸኹና ከቄሱ ጋር ቡና ላይ ተቀምጦ፣ ፈርተው ያልተናገሩትን አዳምጦ ሥርዓቱን ሳይነካ ጉዳቱን የሚያስቀር ሰው ያስፈልጋል። የባቲን የሰኞ ገበያ ያየ ደግሞ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ባንድ ሜዳ ሲገናኙ ሰምቷል፤ ባንድ ቋንቋ የታተመ ወረቀት ምን ያህል እንደሚሄድ ይገምቱት።

ለዚህ ነው ከቀበሌ የወጡት ይቅደሙ የምለው። ከዲግሪ በታች ባለው ደረጃ አራት ላይ ያለች ኤክስቴንሽን መጀመሪያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋታል፤ ከዚያም የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው አለ። ዓመታት በአማርኛ ስታስተምር የኖረች ሴት በእንግሊዝኛ ፈተና ብትወድቅ ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። ቢሮዎ ደሴ ላይ ካለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተነጋግሮ የማጠናከሪያ ትምህርት ቢያዘጋጅ ወጪው ከአንድ የአዳራሽ ሥልጠና አበል የሚበልጥ አይመስለኝም። ስለ አበል ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ለሌላ ቀን ይቆየኝ።

ሌላም አለ። ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደ ቀበሌያችን ይመጣሉ፣ እናቶችን ይጠይቃሉ፣ ይሄዳሉ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ቢሮው የጥናት ፈቃድ ደብዳቤ ሲሰጥ «ውጤቱን በጥቂት ገጽ አማርኛ ለወረዳውና ለጤና ኬላው አስረክብ» የሚል አንድ መስመር ቢጨምር ምንም በጀት አይጠይቅም።

መደቡን ለመክፈት ከሲቪል ሰርቪስ ጋር መመካከር እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። የሚቀጥለው በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ከመግባቱ በፊት ጉዳዩ በአጀንዳ ተይዞ እንደሆነና እንዳልሆነ በይፋ እንዲያሳውቁን እጠይቃለሁ። የሥራ ዝርዝሩን ለማርቀቅ ሰው ካስፈለገ፣ እኔም ባልደረባዬም ባሕር ዳር ድረስ ለመምጣት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጤና ባለሙያ፣ ደቡብ ወሎ