እርጎና ሙጫ አለን፣ የጎደለን ማይክሮስኮፕ ነው፦ የድጋፍ ጥሪ ከወሎ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በወልዲያ የምንገኝ የባዮሎጂ መምህራንና የላብራቶሪ ባለሙያዎች ነን። ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት የሚዞር አንድ የማይክሮስኮፕ ሣጥን ለማሟላት ድጋፋችሁን እንጠይቃለን። የቅሬ (የዕድር) ድንኳንና ድስት ለሁሉም በተራ እንደሚደርስ፣ ይህም እንዲሁ ይዞራል።

ልናሳይበት ያሰብነው የባክቴሪያን ሆድ ዕቃ ነው። ተማሪው «ባክቴሪያ ኒውክሊየስ የለውም፣ በሽፋን የተከለሉ ክፍሎችም የሉትም» ብሎ ይሸመድዳል። በጥቅሉ ልክ ነው። ችግሩ ከዚያ ተነስቶ ውስጡን እንደ ተበጠበጠ ሾርባ ማሰቡ ነው። ባክቴሪያ ግድግዳ ሳይሠራ ጓዳ ያበጃል። ፕሮቲኖችና አር.ኤን.ኤ (የዲ.ኤን.ኤን መልእክት የሚያደርሰው ሞለኪውል) ደካማ በሆኑ ብዙ መያዣዎች እርስ በርስ ይሳሳቡና ከቀረው ፈሳሽ ተለይተው ጠብታ ይሆናሉ፤ ኮንደንሴት የሚባለው ይህ ነው። ካውሎባክተር የተባለው የውሃ ባክቴሪያ አር.ኤን.ኤ የሚቆራርጡ ኢንዛይሞቹንና የሚቆረጠውን አር.ኤን.ኤ በእንዲህ ያለ ጠብታ ውስጥ ያገናኛል። በሕዋሱ ጫፍና ጫፍ ደግሞ ፖፕዚ የተባለ ፕሮቲን ተጠራቅሞ ሌሎች ፕሮቲኖችን ይሰበስባል። ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያም ኃይል ሲያጥረው ፕሮቲኖቹ አግሬሶም ወደሚባል ክምችት ይገባሉ፤ እንዲህ ያንቀላፋ ሕዋስ አንቲባዮቲክን ይታገሣል። መድኃኒት ሳይጨረስ ሲቋረጥ በሽታው ለምን እንደሚያገረሽ ለሚጠይቅ ተማሪ ከመልሱ አንዱ እዚህ አለ።

እንዲህ ያለ ጠብታ እንዴት እንደሚፈጠር የሚያሳየው የመጀመሪያው ትምህርት ባክቴሪያም አያስፈልገውም፣ ሙጫና ጀላቲን ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1929 ቡንገንበርግ ደ ዮንግና ክራይት የተባሉ የኔዘርላንድ ኬሚስቶች «ኮአሰርቬሽን» ብለው የሰየሙት ክስተት ነው። 1 ግራም ጀላቲን በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ 10 ደቂቃ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ በ45 ዲግሪ ይሟሟል። 1 ግራም የግራር ሙጫም በሌላ 100 ሚሊ ሊትር። ከየአንዳንዳቸው 10 ሚሊ ሊትር ተቀላቅሎ፣ እያማሰሉ አቼቶ ጠብ ጠብ ማድረግ ነው። ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) ወደ 4 ሲጠጋ ጥርት ያለው ፈሳሽ እንደ አጓት ይደፈርሳል፤ በ40 እጥፍ ሌንስ ሲታይ ክብ ክብ ጠብታዎች ሲነካኩ አንድ ይሆናሉ። ዘይት በውሃ ላይ አይደለም፤ ጠብታውም ዙሪያውም ውሃ ነው። ግማሽ ግራም ጨው ጣል ሲደረግበት ጀላቲኑንና ሙጫውን የሚያሳስባቸውን ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ይጋርድና መልሶ ይጠራል።

የሚበላሸው በአራት ነገር ነው። የቧንቧ ውሃ ጨው ስላለው ጠብታው ይደክማል። አቼቶ ሲበዛ የሙጫው ሙል ይጠፋና ድፍርሱ ይሟሽሻል፤ ስለዚህ የፒኤች ወረቀቱ ከ3 እስከ 6 ያለውን በጠባቡ የሚለይ መሆን አለበት። ከገበያ «ሙጫ» ሲባል ዕጣን ይዞ የሚመጣ አለ፤ ዕጣን ውሃ ውስጥ በሙሉ አይሟሟም። የመጨረሻው የደሴ ብርድ ነው፦ ጠብታው የሚታይበት የማይክሮስኮፕ መስተዋት በ40 ዲግሪ ካልሞቀ ጀላቲኑ ይረጋል፣ ጠብታዎቹም አጠገብ ለአጠገብ ተኮልኩለው ይቀራሉ እንጂ አይዋሃዱም። ጀላቲኑ ከበሬ ቆዳ ወይም አጥንት የተሠራ ይሁን። የአሳማ ከሆነ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተማሪ እጁን አያስገባም፣ ትምህርቱም እዚያው ያበቃል። የበሬው በአብዛኛው በአልካሊ የተዘጋጀ ስለሆነ ፒኤቹን ከ4 ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ትምህርት ከእርጎ ነው። እርጎ ውስጥ ከሚገኙት ዘንግ መሰል ባክቴሪያዎች፣ ከላክቶባሲለስ፣ አንዳንድ ዝርያዎች ፎስፌትን በረጅም ሰንሰለት አስረው እንደ ፍሬ ያከማቻሉ። አንድ ጠብታ እርጎ በዘጠኝ ጠብታ ውሃ ተቀጥኖ በመስተዋት ላይ ስስ ተደርጎ ይቀባል፣ በአየር ይደርቃል፣ ሦስት ጊዜ በነበልባል ላይ ያልፋል። ከዚያ በ95 በመቶ አልኮል አንድ ደቂቃ ስቡ ይታጠባል፤ ይህ ከተዘለለ የወተቱ ስብ ማየቱን ያስቸግራል። ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ሁለት ደቂቃ፣ መታጠብ፣ ዘይት ጠብ አድርጎ በ100 እጥፉ ሌንስ ማየት። ፈዘዝ ባለው ሰማያዊ ዘንግ ውስጥ ወደ ቀይ ያደላ ወይን ጠጅ ነጥብ ይታያል፤ ቀለሙ በፎስፌቱ ሰንሰለት ላይ ተጨናንቆ ሲሰፍር መልኩን ስለሚቀይር ነው። የአንድ ቀን እርጎ ላይ የሚበዙት ክብ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ዘንጎቹን ለማግኘት ሦስት ቀን የቆየ ይሻላል። ነጥቡ በሁሉም ዘንግ ውስጥ አይገኝም።

ለዚህ የምንፈልገው ባለ ሁለት ዓይን ማይክሮስኮፕ 2፣ ባለ 4፣ 10፣ 40 እና 100 እጥፍ ሌንስ፣ የመቶው ኤን.ኤ (ሌንሱ ብርሃን የመሰብሰብ አቅሙ መለኪያ) 1.25 የሆነ፣ መብራቱ ኤልኢዲ። «1600 እጥፍ» ተብሎ የሚሸጠውን አትግዙልን። በኤን.ኤ 1.25 ብርሃን ሊለየው የሚችለው ትንሹ ርቀት ወደ 270 ናኖሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ማጉላት ብዥታውን ማስፋት ነው። በዚሁ ምክንያት አብዛኞቹ የባክቴሪያ ኮንደንሴቶች በዚህ መሣሪያ እንደማይታዩ ለተማሪው በግልጽ እንነግረዋለን። በተጨማሪ 10 ሣጥን መስተዋት፣ 10 ሣጥን መክደኛ፣ 100 ሚሊ ሊትር የሌንስ ዘይት፣ 25 ግራም ሜቲሊን ብሉ፣ ግማሽ ኪሎ ጀላቲን፣ ግማሽ ኪሎ ንጹሕ ሙጫ፣ እስከ 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን፣ መስተዋት ማሞቂያ እና አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ)። ዋጋው ከምንዛሪው ጋር ስለሚዋዥቅ በብር አልጻፍንም። ገንዘብ የሚሰጥ ካለ ከዚህ ውስጥ የቱን ዕቃ እንደሚሸፍን ይንገረን፣ በዚያው ዕቃ ደረሰኝ እንመልሳለን።

አቅም ያለው ወገን በሁለተኛው ደረጃ የፍሎረሰንስ መብራት (ልዩ ቀለሞችን በራሳቸው እንዲያበሩ የሚያደርግ) ቢጨምርልን፣ ዳፒ በተባለው ቀለም ዲ.ኤን.ኤው በሰማያዊ፣ የፎስፌቱ ፍሬ ወደ ቢጫ ባደላ አረንጓዴ ሲያበራ ለይቶ ማሳየት ይቻላል። የሜርኩሪ አምፖል ግን አይሁን፤ ዕድሜው በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት ብቻ ነው፣ መብራት በጠፋ ቁጥርም እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። የ365 ናኖሜትር ኤልኢዲና ከ420 ናኖሜትር በላይ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ይበቃል።

ከውጭ ያገለገለ ማይክሮስኮፕ የምትልኩ፣ በ220 ቮልት የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ። የመቶውን ሌንስ ፈትታችሁ ፊቱን በሌላ አጉሊ መነጽር እዩት፤ የደረቀ ዘይት ከሆነ ይጸዳል፣ በመስተዋቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ከሆነ ግን የመላኪያውን ገንዘብ አታባክኑ። ሌንሶቹን ለየብቻ ጠቅልላችሁ፣ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር ላኩልን።