ግራ እግሬን ለመለሳችሁልኝ ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው ሳምንት፣ ከ7 ወር በኋላ፣ ተሳቢዬን ይዤ ጅቡቲ ደርሼ ተመለስኩ። "እንዴት ሆነህ ዳንክ?" ብላችሁ ለደወላችሁ ሁሉ ለየብቻ መመለስ ስላልቻልኩ እዚሁ ልጻፈው።

20 ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ወገቤን ያመኝ ነበር፤ ወገቡን ያላመመው ሹፌር ማን አለ ብዬ ትቼው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ሚሌን እንዳለፍኩ ከግራ መቀመጫዬ እስከ ትንሿ የእግር ጣቴ እሳት ወረደብኝ። ሳስነጥስማ ነፍሴ የምትወጣ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ የባሰው መጣ። ፍሪሲዮን ስረግጥ መርገጤን አላውቅም። ስፖንጅ ላይ የቆምኩ ነው የሚመስለኝ። መኪናውን ጥግ አስይዤ ለባልደረባዬ ደወልኩ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ መርፌ ወጉኝና "አንድ ወር ሳትነሳ ተኛ" አሉኝ። ተኛሁ። ባቴ ኮሰሰ እንጂ ህመሙ አልሄደም። ወጌሻም ጋ ታሸሁ። በሰውየው አልፈርድም፣ ለወለምታ እጁ ወርቅ ነው። የኔ ግን ወለምታ አልነበረም።

በኋላ ያዩኝ የነርቭ ሐኪም "በግራ እግርህ ጣቶች ቁም" አሉኝ። ተረከዜ ከመሬት አልነሳ አለ። ቁርጭምጭሚቴን ከኋላ በትንሽ መዶሻ ሲመቱት ቀኙ ይዘላል፣ ግራው ዝም። ኤምአርአይ የሚሉት የውስጥ አካል ምስልም ያንኑ አሳየ። ከመጨረሻው የወገብ አጥንት ስር ያለው ዲስክ፣ በአጥንቶች መሃል እንደ ትራስ የሚሆነው፣ ወጥቶ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። ቢላዋ መጣ ብዬ ስርበተበት "አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ጥገና ይሻለዋል። ፊዚዮቴራፒ ጀምር፣ ድክመቱ ከጨመረ ግን ሳትውል ሳታድር ተመለስ" አሉኝ። ዶክተር፣ ስላረጋጉኝ አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ እሷ ልምጣ። እኔ ዶክተር እላታለሁ፣ እሷ "ፊዚዮቴራፒስት ነኝ ጋሼ" ትለኛለች። የመጀመሪያ ቀን ሽቦ ያለው ማሽን ወገቤ ላይ ለጥፋ ነዘረችኝ። ህክምናው ይሄ መስሎኝ ደስ አለኝ። "ይሄ ማስታገሻ ነው። የሚያድንዎት ሥራው ነው" ብላ በደረቴ አስተኛችኝ። ዳሌዬ ፍራሹን ሳይለቅ በእጄ ደረቴን ወደ ላይ መግፋት። 10 ጊዜ፣ በየ2 ሰዓቱ።

በሁለተኛው ሳምንት ተናድጄ ሄድኩ። "እግሬ ተወኝ፣ ወገቤ ግን ባሰብኝ!" አልኳት። አጨበጨበች! ለካ ህመሙ እግርን እየለቀቀ ወደ ወገብ ሲሰበሰብ ጥሩ ምልክት ነው። እኔ ልጣላት ነበር የሄድኩት።

ቀጥሎ ተቀምጬ ጉልበቴን መዘርጋትና መመለስ መጣ። የሳይክል ፍሬን ሽቦ በላስቲኩ ውስጥ እንደሚመላለሰው ነርቩም እንዲመላለስ ነው፤ ለሹፌር እንዲህ ካስረዱት ይገባዋል። ከዚያ ደፍ ላይ ቆሜ ተረከዜን ማንሳት። መጀመሪያ አንድም አልቻልኩም፤ አሁን በግራው ብቻ 15 አነሳለሁ።

በየቀጠሮው "ሽንትዎን ይቆጣጠራሉ? በሁለት እግርዎ መሃል ይደነዝዝዎታል?" ስትለኝ አፍር ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ የዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል ነው። አትፈሩ፣ ተናገሩ።

ባለቤቴ ቡና እየቆላች ትቆጥርልኝ ነበር። ስምንት ላይ "አስር!" ብዬ ስነሳ "ስምንት ነው" ብላ መልሳ የምታስተኛኝ እሷ ናት። ባለመኪናው ጋሼ፣ ሥራዬን ለሌላ ሳትሰጥ ስለጠበቅከኝ ውለታህን አልረሳም። መዋጮ ያደረጋችሁልኝ የመስመሩ ሹፌሮች፣ የቤት ኪራዬን የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ።

ሙሉ በሙሉ ዳንኩ አልልም። ትንሿ ጣቴ አሁንም ደንዛዛ ናት። ቦርሳዬን ከኋላ ኪሴ አውጥቻለሁ፣ ፎጣ ጠቅልዬ ወገቤ ስር አደርጋለሁ፣ በየ2 ሰዓቱ አቆማለሁ። ከጋቢና መዝለልም ቀርቷል።

አዋሽ ላይ በመኪናዬ ጥላ ምንጣፍ አንጥፌ በደረቴ ተኝቼ ስገፋ አይታችሁ የሳቃችሁብኝ ልጆች፣ እናንተንም አመሰግናለሁ። ሁለታችሁ ማታ ላይ "እስቲ እንዴት ነው የምትሠራው?" ብላችሁ ቀስ ብላችሁ መጥታችሁ ነበር። ስማችሁን አልጠራም።